የሰኞን መንገደኛ ቅዳሜ መጠበቅ

ስሜን ያጠፋው አቶ ግርማቸው ነው። ያጠፋውም ፋሲካ ውሎ ጾም በተፈታበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ስቶን ማውንቴን ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ፣ ሳህን በያዘ እንግዳ ሁሉ ፊት ነው። ሚስቱ ወይዘሮ አስቴር እውነቱን እያወቀች ሰላጣ ታማስል ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱንም አንቱ እላቸው ነበር። አሁን መንዳት አቁሜያለሁ፤ የምጽፈውም በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስለዚህ እሱና እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ይህን የምጽፈው ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን፣ ለምትነዱ ለእናንተ ነው። ብዙዎቻችሁ ወሬውን የሰማችሁት “በላይነሽ የምትባል ሴትዮ ሰው ተራራ ላይ ጥላ መጣች” ተብሎ ነው። በላይነሽ እኔ ነኝ። ማንንም ጥዬ አልመጣሁም።

አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ፣ ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ ነው። ስለ ቤተሰቤ ከዚህ በላይ አልጽፍም። መጀመሪያ አትላንታ ኤርፖርት አጠገብ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል ሰው አመላልስ ነበር። ከዚያ ኢስት ፖይንት ውስጥ ጥቂት ቫኖች ያሉት አቶ ግርማቸው ቀጠረኝ። ሥራው ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ነው። ከዚህ ውጭ አንድ ማንም የማይፈልገው መስመር ነበረው፤ ወደ ሰሜን፣ የአፓላቺያን የእግር መንገድ እስከሚጀምርበት ተራራ ድረስ። ደንበኞቹ ከውጭ አገር በአውሮፕላን መጥተው ብቻቸውን ጫካ ውስጥ ለቀናት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ወንዶቹ ሾፌሮች “ሲሄድ ኮረኮንች ነው፣ ሲመለስ ባዶ ነው፣ ከተራራ ስትመልሳቸው ደግሞ ይሸታሉ” እያሉ ሸሹት።

በመጀመሪያው ቀን አቶ ግርማቸው ቁልፉን ሲሰጠኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ “በላይነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ የተራራ ክፍል ኃላፊ ነሽ” አለኝ።

“ክፍሉ ስንት ሠራተኛ አለው?” አልኩት።

“አንቺ ትበቂያለሽ።”

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ሆላንዳዊ ነበር። ቁመቱ አልበቃ ብሎት ጉልበቱን አገጩ ላይ አስደግፎ ነው የተቀመጠው። መንገድ ላይ ሱቅ እንድቆምለት ጠየቀኝ። አውሮፕላን ውስጥ የማብሰያ ጋዝ መያዝ ስለማይፈቀድ ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ያችን ትንሽ የጋዝ ጣሳ ነው። ይህን ያን ቀን አላውቅም ነበር። አንድ የማላውቀው ወንድ ጫካ ከመግባታችን በፊት ጋዝ ልግዛ ሲለኝ የቫኑን በር እጀታ አንድ ጊዜ ነካ አድርጌ አየሁት።

ከኮረኮንቹ መጨረሻ ስንደርስ ሻንጣውን አወረድኩለት።

“ማን ይቀበልሃል?” አልኩት።

“ማንም።”

“የት ታድራለህ?”

ጀርባው ላይ ያለውን ቦርሳ አሳየኝ። ከቤተሰቡ ተጣልቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። አልተጣላሁም አለ። ሥራ አለህ ወይ አልኩት። መሐንዲስ ነኝ አለኝ። እኔ ባደግኩበት አገር ሰው ሲሸኝ ከዓይን እስኪሰወር ቆሞ ይታያልና እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ጥቂት ሄዶ ዞር ሲል እንደቆምኩ ስላየኝ አንድ ነገር የረሳ መስሎት ተመለሰ። ምንም አልረሳህም ብዬ ሰደድኩት። እንደገና ዞር አለና እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ እኔ ቫኑ ኋላ ተደብቄ ነው ሰውየው መንገዱን የጀመረው።

ሥራውን የተማርኩት እንዲህ እየቆየሁ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ኃላፊው እኔው ነበርኩ።

ደንበኛው ቫን ውስጥ ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ “ይዘንባል?” መልሱ “ይዘንባል” ነው። ስልኩን አውጥቶ ፀሐይ ቢያሳያችሁም መልሱን አትቀይሩ። ያ ተራራ በሚያዝያ ጠዋት ሸሚዝ ያስወልቅና ከሰዓት በረዶ ያወርዳል። ቦርሳው ውስጥ ልብሱ በወፍራም የቆሻሻ ላስቲክ ካልተጠቀለለ ከሳጥኔ አንድ ላስቲክ እሰጠው ነበር። አንዳንዱ የቦርሳው ዋጋ ውድ ስለሆነ ውኃ የማያስገባ ይመስለዋል። ክብደት ልቀንስ ብሎ የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ የሚታጠፍ ወንበር የተሸከመ ጀርመናዊ ጭኛለሁ። ሁለት ጃንጥላ ይዞ ጃኬቱን ሆቴል የረሳም ነበር። ምክር አልሰጣቸውም። ላስቲክ እሰጣቸዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ፒክአፕ፣ ማለትም ተጓዡን ሲወጣ ጠብቆ መመለስ ነው። ተጓዡ የሚወጣበትን ቀንና መንገዱ አስፋልት የሚያቋርጥበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። እኔ እደግመዋለሁ፤ እሱም ይደግመዋል። ከዚያ ወዲያ ተራራው ላይ ስልክ ስለማይሠራ ቃላችን ያ ብቻ ነው። ሰው ቢዘገይ እጠብቀዋለሁ። ቢፈጥን ይጠብቀኛል። መስኮት ከፍቼ እመልሳቸዋለሁ። ያለ ማቋረጥ ያወራሉ፤ ለቀናት ያላወሩትን ሁሉ እኔ ላይ ያራግፋሉ።

መነሻው ላይ አውርጃቸው ስመለስ ግን ብቻዬን ነኝ። ማንም “በላይነሽ” አይለኝም። ማንም ስለ ባሌ አይጠይቀኝም። ያን መስመር እወደው ነበር። ለአቶ ግርማቸው ግን እንደምወደው አልነገርኩትም። አለቃ የምትወዱትን ነገር ካወቀ በኋላ ነገራችሁ አበቃ።

እሱ ግን አወቀ። መስመሩ ደንበኛ ሲያበዛ አንድ ቀን በኮሚኒቲ ሬዲዮ ቀርቦ “እኛ የተራራ ሰዎች” ሲል ሰማሁት። ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ የተራራ ፎቶ ሰቀለ፤ ጫፉ በረዶ የለበሰ፣ ጆርጂያ ውስጥ የሌለ ተራራ ነው። እውነቱን ለመናገር አቶ ግርማቸው በሕይወቱ የወጣው ተራራ ሰፈሩ ስሙን ያገኘበት ስቶን ማውንቴን ብቻ ነው፤ እሱንም በገመድ መኪና ነው የወጣው።

እንግዲህ ሰብለ የመጣችው በዚያ የፋሲካ ሳምንት ነው። ሰብለ የአስቴር የእህቷ ልጅ ናት። ፍራንክፈርት ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ወይዘሮ ጸዳለ አዲስ አበባ ኮተቤ ናት። ልጅቷ ፈቃዷን ይዛ አትላንታ የመጣችው አክስቷን ለመጠየቅና ብቻዋን በእግር ለመሄድ ነው። ሐሙስ ጀምራ ሰኞ ልትወጣ አሰበች።

አቶ ግርማቸው ቤት ይህ ነገር ሲሰማ እንደ ሕመም ነው የታየው። የሆላንድ ሰው ብቻውን ጫካ ሲያድር ቢዝነስ ነው። የገዛ እንግዳው ስታድር ግን ውርደት ነው።

“ሰው ምን ይለናል?” አለች አስቴር እኔው ፊት። “ቤት ጠቧቸው ነው አይሉም?”

“አንድ ሰው አብሯት ይሂድ” አለ ግርማቸው።

“እርስዎ ይምጡላ፣ ጋሼ” አለች ሰብለ እየሳቀች።

ጋሼ ወገቡን እንደሚያመው ነገራት።

ሐሙስ ጠዋት ልወስዳት ስመጣ አስቴር ለጉዞ ስንቅ አዘጋጅታ ነበር። ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ በጠርሙስ የተነጠረ ቅቤ፣ ሽሮ ከነድስቱ። ድስቱን ቦርሳው ላይ በገመድ አስራዋለች። ልጅቷ “አመሰግናለሁ አክስቴ” ብላ ሳመቻት። ከሰፈሩ ወጥተን የመጀመሪያው መብራት ላይ ስንቆም ሁሉንም ፈትታ ወንበሩ ላይ ደረደረችው።

“እትዬ በላይነሽ፣ ይህን ቅቤ ይዤ ብተኛ ድብ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ይውሰዱልኝ፤ እንዳይነግሯት ግን።”

አልነገርኳትም። ቋንጣውን ስመለስ በልቼዋለሁ፤ ጨው በዝቶበት ነበር።

መነሻው ላይ ቃላችንን ተለዋወጥን። “ሰኞ ከሰዓት፣ ዩኒኮይ ጋፕ” አለች፤ የእግር መንገዱ አስፋልት የሚያቋርጥበት አንዱ ቦታ ነው። “ሰኞ ከሰዓት፣ ዩኒኮይ ጋፕ” አልኩ። ላስቲክ ልሰጣት ሳጥኔን ስከፍት የራሷን አሳየችኝ። ስትሄድ አየኋት፤ እርምጃዋ የሚቸኩል አይመስልም፤ ግን ቶሎ ከዓይን ጠፋች።

ዓርብ ጠዋት አቶ ግርማቸው ቢሮ ጠራኝ። አስቴርም ነበረች፤ የገበያ ዕቃ የምታወርድበት መኪና ፈልጋ መጥታ።

“በላይነሽ፣ ነገ ቅዳሜ ሰብለን ታመጫታለሽ” አለኝ። “በግ ታርዷል። ሰው ተጠርቷል። የፋሲካ እንግዳ ጫካ ውስጥ ብስኩት እየቆረጠመች እኛ ጮማ አንቆርጥም።”

“ነግረዋታል?”

“ሰርፕራይዝ ነው።”

“አቶ ግርማቸው፣ ልጅቷ ሰኞ ነው ያለችኝ።”

ካርታውን ስልኩ ላይ ከፍቶ በጣቱ ለካ። “ሐሙስ ጀመረች። ዓርብ ደክሟታል። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ውዲ ጋፕ ላይ አስፋልቱን ታቋርጣለች። እዚያ ቆመሽ ስትመጣ ትይዣታለሽ።”

ይህ ስሌት በራሱ እርምጃ የተሰላ ነው። ከሶፋ እስከ ፍሪጅ የሚሄድ ሰው ስሌት ነው።

“እሷ ካለችው ቦታ ሌላ ቦታ አልቆምም” አልኩት።

ፈገግ አለ። “ያን የተራራ መስመር ትወጂዋለሽ፣ አይደል? ካልተመቸሽ ሌላ ሾፌር እሰጠዋለሁ። አንቺ ከኤርፖርት ሆቴል ትመላለሻለሽ። ኖ ፕሮብሌም።”

አስቴር ቁልፍ እያቅጨለጨለች “ትሂድ እንጂ፣ ምን ችግር አለው?” አለች። ይህን አስታውሱልኝ፤ ንግግራችንን ከሥር እስከ ጫፍ ሰምታለች።

ቅዳሜ ሄድኩ። ጠዋቱ ብራ ነበር። ከዩኒኮይ ብዙ ቀድሞ የሚገኘው ውዲ ጋፕ የጠጠር ማቆሚያ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የእንጨት ምልክት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ቆምኩ። እኩለ ቀን ገደማ ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ነፋሱ የቫኑን በር ከእጄ ነጠቀው። መብረቁ ተራራውን መታ፤ ከዚያ በረዶ ጣሪያዬን ይደበድብ ጀመር። ከጫካው አንድ ወጣት ከነውሻው እየሮጠ ወጣ። ሰብለን አይቷት እንደሆነ ጠየቅኩት። “ትናንት ማታ አልፋኛለች፤ ከፊት ያለው መጠለያ ልደርስ ነው ስትል ነበር” አለኝ። ዝናብ እንደሚመጣ አስባ ፈጥና ሄዳለች ማለት ነው። አለቃዬ ከኋላ የሚጠብቃት ልጅ ከፊት ሆና ጣሪያ ሥር ተቀምጣለች።

ደውዬ ልነግረው ሞከርኩ፤ ስልኩ አይሠራም። እስኪያባራ ጠብቄ ወደ ስቶን ማውንቴን ተመለስኩ፤ መንገድ ላይ ብደውልም አላነሳልኝም።

በሩን ስከፍት ሳሎኑ ሙሉ ሰው ብድግ አለ። “ሰርፕራይዝ!” ብለው ጮኹ። እኔን አዩ። ከኋላዬ አዩ። ከቀሚሴ ውኃ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

“ልጅቷስ?” አለ አቶ ግርማቸው።

“አልፋ ሄዳለች። ደህና ናት። ሰኞ ትወጣለች።”

ፊቱ ሲቀላ አየሁት። በሬዲዮ “እኛ የተራራ ሰዎች” ሲል የሰሙት ሁሉ እያዩት ነው። በእጁ ጮማ የተሰካበት ሹካ ነበር።

“ሴትዮ፣ ሌላ ቦታ ነው የነገርኩሽ!” አለኝ። “ሰብለ ደውላ ያለችኝን ቦታ ነግሬሻለሁ። አንቺ የፈለግሽው ቦታ ሄደሽ ቆምሽ! ልጅቷን በዚህ መብረቅ የት ጣልሻት?”

“እርስዎ ውዲ ጋፕ ነው ያሉኝ። ወይዘሮ አስቴር ሰምተዋል።”

ሁሉም ወደ አስቴር ዞረ። አስቴር ሰላጣውን አማሰለች። “እኔ እንኳ የቦታ ስም አላውቅም” አለች።

አለቀ። ስሜ ያን ጊዜ ነው የጠፋው።

አቶ ግርማቸው ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ለተራራው አካባቢ የነፍስ አድን ሠራተኞች ደወለ። እኔ ፎጣ ፍለጋ ተከትዬ ስለነበር ሰማሁ። አስቴርም ነበረች። ስልኩን ያነሳው ሰው የሚጠይቀው ሁሉ ይሰማል።

“መቼ ልትወጣ ነበር?”

“ሰኞ” አለ ግርማቸው።

“ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ጌታዬ።”

“አዎ።”

“ታዲያ ምን ሆነች?”

ሰውየው ሰኞ ካልወጣች እንደገና ደውሉ ብሎ ዘጋ። ግርማቸው ወደ ሳሎን ተመለሰና ጉሮሮውን ጠርጎ “ፍለጋ ተጀምሯል” አለ።

እኛ ዘንድ “ፍለጋ” የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። አንዲት ትልቅ ሴት “ወይኔ ልጄን!” ብላ ጉልበቷን መታች። ሌላዋ የበጉን ትሪ በፎይል ሸፈነች። ነጠላዎች ተዘቀዘቁ። አንድ ሰው ሙዚቃውን አጠፋ። እኔ “ልጅቷ የምትወጣው ሰኞ ነው” ብዬ ደገምኩ።

“ሰው ጥላ መጥታ ደግሞ ቀን ትቆጥርልናለች!” አለችኝ ያችው ሴት።

ቀጥሎ ወንዶቹ ጥግ ይዘው ተመካከሩ። የተመካከሩት ልጅቷን እንዴት እንደሚፈልጉ አልነበረም፤ ለእናቷ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ነበር። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ታፈሰ “በስልክ መርዶ ነውር ነው” አሉ። ሁሉም ተስማማ። ኮተቤ ላለ ዘመድ ተደወለ፤ እዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ ጸዳለ ቤት እንዲሄድ፣ በመጀመሪያ ግን “ታማለች” እንዲባል ተወሰነ። ግርማቸው ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። “ኧረ ቆዩ፣ ሰኞ ነው ቀጠሮዋ” ለማለት አንድ ጊዜ አፉን መክፈት ይበቃው ነበር። አልከፈተም። ከከፈተ ቅዳሜን ማን እንደመረጠ ይጠየቃል።

በሩ ላይ ሲደርስብኝ “ቁልፉን አስረክቢ” አለኝ።

“ሰኞ መንገደኛ አለኝ” ብዬው ወጣሁ።

እሑድ ስልኬ አላረፈም። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ምን ዓይነት ልብ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ዘጋሁት።

ሰኞ ዩኒኮይ ጋፕ ቀድሜ ደረስኩ። አየሩ ታጥቦ ነበር። ሰብለ ከጫካው ስትወጣ እግሯ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ነበር።

“እትዬ! የፋሲካው ሳምንት እንዴት አለፈ?”

“ለቅሶ አለ።”

ፊቷ ተለወጠ። “ማን ሞተ?”

“አንቺ።”

ሳቀች። እኔ ስላልሳቅኩ አቆመች። “መቼ ሞትኩ?”

“ቅዳሜ ነው አሉ።”

“ቅዳሜማ መጠለያ ውስጥ ተኝቼ ልቦለድ ሳነብ ነው የዋልኩት!”

በመንገድ ላይ ሁሉን ነገርኳት። ከተራራው ወርደን ስልኩ መሥራት ሲጀምር ለእናቷ ደወለች። ድምፁን ከፍታው ስለነበር ሰማሁ። አንዲት ሴት አነሳች፤ ከኋላዋ ብዙ ሰው ያለቅሳል።

“ሄሎ፣ ማን ልበል?”

“ሰብለ ነኝ።”

“የትኛዋ ሰብለ?”

“የሞተችው!” ብላ ጮኸች ልጅቷ።

ስልኩ ወደቀ። ከዚያ የሰማነው ጩኸት የደስታ ይሁን የድንጋጤ አሁንም አላውቅም። የሰፈሩ ዕድር ደጃፍ ላይ ድንኳን ጥሎ ነበር፤ ወንበሩም፣ ጀበናውም፣ ንፍሮውም ወጥቷል። እናትየዋ ከድንኳኑ ውስጥ ተደግፋ መጥታ “ልጄ ከሆንሽ ሰድበሽ ንገሪኝ” አለቻት። ልጅቷ ሰደበቻት። እናትየዋ አመነች።

ስቶን ማውንቴን ስንደርስ ያው ሰው እልል ብሎ ተቀበላት። ፎይሉ ከትሪው ላይ ተነሣ። አቶ ግርማቸው ብርጭቆውን አንሥቶ “በጸሎትና በፍለጋ አገኘናት” አለ። ተጨበጨበለት። ማን ከተራራው እንዳመጣት የጠየቀ የለም።

ሰብለ ወጥ ቤት መጥታ እጄን ያዘች። “እትዬ፣ እውነቱን አውቃለሁ። ግን ነገ በራሪ ነኝ፤ አክስቴን ከባሏ ማጋጨት አልፈልግም። ይረዱኛል አይደል?”

“እሺ” አልኳት። ከመብረቅ በፊት መጠለያ ደርሳ ልቦለድ ያነበበች ልጅ አክስቷን ፈራች።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ አቶ ታፈሰ ቤቴ መጡ። ሽማግሌ ሆነው ተልከው ነው። ሻይ አቀረብኩ።

“ወይዘሮ በላይነሽ፣ እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት” አሉ። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ነገር ጥሩ ቦታ ደርሶ አያውቅም። “ወይዘሮ ጸዳለ ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ታማ ተኝታለች። ማን እንዲህ እንዳደረጋት ትጠይቃለች። አንድ ሰው ‘እኔ ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ’ ቢላት ነገሩ ይበርዳል።”

“አቶ ግርማቸው ራሱ ይቅርታ ይጠይቃታ።”

“እሱ ስም ያለው ሰው ነው። ሬዲዮ ላይ ይቀርባል። እርስዎ ደግሞ…”

“እኔ ስም የለኝም?”

“እንዲያ ማለቴ አይደለም። ይቅርታ ከጠየቁ የተራራው መስመር የእርስዎ እንደሆነ ይቀጥላል ብሏል። ካልሆነ ግን እጁ ታስሯል።”

የማንን እጅ ማን እንዳሰረ አልጠየቅኩም። “ቁጥሯን ይዘዋል?” አልኩ። ፊታቸው በራ። ደወሉና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ።

“ወይዘሮ ጸዳለ፣ በላይነሽ እባላለሁ፤ ሾፌሯ ነኝ” አልኩ። “ይቅርታ እንድጠይቅ ሽማግሌ ተልኮብኛል። ልጅዎ ሰኞ ዩኒኮይ ጋፕ ጠብቂኝ አለችኝ። ሰኞ ዩኒኮይ ጋፕ ጠብቄ አመጣኋት። ቅዳሜ ሌላ ቦታ የላከኝ አቶ ግርማቸው ነው፤ ሳትሰማ ለግብዣ ሊያመጣት ፈልጎ።”

ከተኛችበት ቀና ስትል የአልጋው ድምፅ ተሰማኝ።

“ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ መጥተው መጀመሪያ ‘ታማለች’ አሉኝ” አለች። “በዚያ ሰዓት ‘ታማለች’ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አላውቅምን? ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት። ግርማቸው ያን ጊዜ ሰኞ እንደምትወጣ ያውቅ ነበር?”

“ያውቅ ነበር። ስልክ ላይ ሲናገር ሰምቻለሁ። እህትዎም ሰምታለች።”

“አስቴር?”

“አስቴር።”

አቶ ታፈሰ ስልኩን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወደ እኔ ሳብኩት።

“በይ እህቴ” አለች ወይዘሮ ጸዳለ። “አንቺ ባለችሽ ቀን ሄደሽ ጠብቀሻታል። ካንቺ የምቀበለው ይቅርታ የለኝም።” ዘጋችው።

አቶ ታፈሰ ሻያቸውን አማሰሉ። “ስኳር አለ?” አሉ። ሰጠኋቸው።

ለእህቷ ምን እንዳለቻት አላውቅም። አስቴር ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ በሌላ በር ትወጣለች። እዚህ ከተማ ያለው ወሬ ግን እንዳለ ቀረ፤ ኮተቤ የተነገረ እውነት አትላንታ አይደርስም።

ሥራውን ለምትቀጥሉ የምለው ይህ ነው፤ ተራራ ላይ ያለን ሰው ቀጠሮ ከእሱ በስተቀር ማንም አይቀይርም። አለቃም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ በግ ቢታረድም።

አቶ ታፈሰ በመጡ በነጋታው ቁልፉን የአቶ ግርማቸው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ ተራራ ፎቶ ሥር አስቀመጥኩ። ያገለገለ ቫን ገዛሁ። ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን በስሜ አወጣሁ። ጉልበቴ እስኪከለክለኝ ድረስ ያን መስመር ለራሴ ነዳሁ። አቶ ግርማቸውን ሰላም አልልም። ሰብለ በዓመቱ ከፍራንክፈርት ደውላ “እትዬ፣ ዘንድሮ ረዘም አድርጌ ልሄድ ነው፤ ይወስዱኛል?” አለችኝ። ሌላ ሾፌር እንድትፈልግ ነገርኳት።